ኮባ ይበላል ብሎ የጻፈው ሰውዬ

መንዝ ውስጥ ኮባ ማለት ቅጠል ነው። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለሰርግ ድፎ ሊደፋ ሲል ይታሰባል። እሳት ላይ ለብ ተደርጎ ይለሰልሳል፣ ምጣዱ ላይ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ ከላይም ይሸፈንበታል። ዳቦው ሲወጣ ቅጠሉ ይላጥና ይጣላል። በቃ። ደጋው ብርዳም ስለሆነ ቅጠሉ ብዙ ጊዜ ወረድ ካለው አገር በሸክም ነው የሚመጣልን። ከዚህ ያለፈ ስለ ኮባ የሚያወራ ሰው ሳልሰማ ነው ያደግሁት። ልጆች ሳለን እንዲያውም ማፍራት ያቃተው ሙዝ ይመስለን ነበር።

ሙዙማ ሌላ ነው። ከአርባ ምንጭ ተጭኖ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ መሐል ሜዳ ሲደርስ ግማሹ ጠቁሯል፤ ቢሆንም ይሸጣል። በዓለም ላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ሙዝ ይመረታል። ድንበር ተሻግሮ የሚሸጠው ግን ከአምስት አንድ በታች ነው፤ ቀሪውን እዚያው ያመረተው ሕዝብ ይበላዋል። ከሁሉ በላይ የምታመርተው ህንድ ናት፣ ከሁሉ በላይ የምትልከው ደግሞ ኢኳዶር። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያገኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልምና ስለ ሙዝ ንግድ ሳነብ ከረምኩ። ሙዝ ወደ ዘመዱ ወደ እንሰት ወሰደኝ። እንሰት ማለት የእኛው ኮባ ነው፤ አንድ ተክል ነው። እንሰት ደግሞ ከ200 ዓመት በፊት ወደሞተ አንድ ስኮትላንዳዊ ወሰደኝ። ጀምስ ብሩስን በታሪክ ትምህርት የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣ ፈረንጅ ብለን ነው የምናውቀው። ስለ ኮባ የጻፈውን ግን ማንም አልነገረን።

(ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ የተወለደው በታኅሣሥ 1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪናይርድ በሚባል የአባቱ ርስት ላይ ነው። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ93 የሚደርስ፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ቁጡና ኩራተኛ ሰው ነበር። ሕግ ጀምሮ ተወው። በ1754 የወይን ነጋዴ ልጅ አገባና እሱም ወይን ንግድ ውስጥ ገባ። ሚስቱ አድሪያና ግን በተጋቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በኋላ ሰውዬው አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። በወይን ንግድ ሰበብ ፖርቱጋልና ስፔን ወረደ፣ የዓረብኛ መጻሕፍት አየ፣ ዓረብኛ ተማረ። ጀርመናዊው ሉዶልፍ ባዘጋጃቸው መጻሕፍት ደግሞ ግዕዝ ጀመረ። አባቱ ሲሞት የወረሰው መሬት ሥር የድንጋይ ከሰል ነበረና፣ ያን ጊዜ የተቋቋመው የካረን ብረት ማቅለጫ የዚያ ከሰል ደንበኛ ሆነ። መንገዱን ያበጀለት ገንዘብ ይሄ ነው። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ከከሰል ትርፍ ወጪ ሲደረግለት ማየት ለእኔ ቢጤው ደስ ይላል።

በ1763 አልጀርስ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። እዚያ ሳለ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሰው ሠዓሊ አድርጎ ቀጠረ። ይህን ስም ያዙልኝ። ሁለቱ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ የሮማውያንን ፍርስራሽ እየለኩና እየሳሉ ዞሩ። ሊቢያ ዳርቻ ላይ ብሩስ የተሳፈረባት መርከብ ሰጥማ ዋኝቶ ሲወጣ ባሕሩ ዳር የነበሩ ሰዎች ደብድበው ዘረፉት። በ1768 ካይሮ ገባ፣ በመስከረም 1769 ምጽዋ፣ በየካቲት 1770 ጎንደር።

የገባበት ጊዜ ክፉ ነበር። ዘመነ መሳፍንት እየጀመረ ነው። ራስ ሚካኤል ስሑል አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ ዓመት አልሞላም፤ ዙፋኑ ላይ ያስቀመጡት ተክለ ሃይማኖት ገና ልጅ ናቸው። ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቷል። ብሩስ ሐኪም አይደለም፣ ለመንገዱ ያህል ትንሽ መድኃኒት የተማረ ሰው ነው። ቁስቋም ላይ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ልጆች ታመው ስለነበር አስጠሩት። ሰውዬው ያደረገው ተአምር የለም። የተዘጋጋውን በርና መስኮት አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አጠነ፣ በኮምጣጤ አሳጠበ። ከታመሙት የዳኑ አሉ፣ የሞቱም አሉ። ከዳኑት አንዱ የራስ ሚካኤልና የወይዘሮ አስቴር ልጅ ስለነበር ግን ቤተ መንግሥቱ ተከፈተለት። ወይዘሮ አስቴር እስከ መጨረሻው ወዳጁ ሆኑ። ሹመትም ተሰጠው፣ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገባ፣ ጦርነትም አየ። ለነገሩ ጎንደር ላይ በዚያን ጊዜ ጦርነት ላለማየት ዓይንን መጨፈን ያስፈልግ ነበር።

ብሩስ መንዝን አልረገጠም። መንዝ ግን እሱ ዘንድ ሄዳለች ማለት ይቻላል። ጎንደር ሳለ ከሸዋ ገዥ ቤት አምሃ ኢየሱስ የሚባል ወጣት መስፍን መጣ። ይህ ቤት የመንዙ ሰው ነጋሲ ክርስቶስ የመሠረተው፣ በኋላ እነ ሣህለ ሥላሴንና ምኒልክን ያወጣው ቤት ነው። እንደ ብሩስ አጻጻፍ መስፍኑ 1,000 ፈረሰኛ አስከትሎ፣ 500 ወቄት ወርቅ ይዞ ነው የገባው። ሌላው የጎንደር መኳንንት በሚዋጋበት ሰዓት ሸዋ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ሀብት እያጠራቀመች እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ሁለቱ ተዋደዱ። ብሩስ ሸዋ ላይ ስለነገሡት የድሮ ነገሥታት የሚናገር መጽሐፍ እንዲፈልግለት ለመነው፤ መስፍኑም ሰው ልኮ ከደብረ ሊባኖስ አስመጣለት። ብሩስ ስለ ኮባ ጠይቆት እንደሆነ አልጻፈም። እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር።

በጥቅምት 1770 ወደ ግሽ ዓባይ ተነሳ። የሄደበት መንገድ ከጣና በስተደቡብ ያለውን የሜጫን አገር የሚያቋርጥ ነው። ኮባውን እንደ ምግብ ያወቀው በዚህ አገር ነው። በኅዳር 4 ቀን ምንጩ ጋ ደረሰ፤ ረግረግ ላይ ቆሞ በኮኮናት ቅል ውሃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ከዚያ ወዲያው ሐዘን ያዘው። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ያገኘው ጭቃ መሐል ያለ ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ ይህንኑ ራሱ ጽፎታል። ይባስ ብሎ ቀዳሚም አልነበረም። ፖርቱጋሎች የላኩት ስፔናዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ቆሟል፣ ከእሱ ቀጥሎም ጄሮኒሞ ሎቦ። ብሩስ ይህን ያውቃል። አምኖ መቀበል ግን አልሆነለትም፣ ገጽ በገጽ እየሞላ ሰዎቹ አላዩም እያለ ሲከራከር ኖረ።

ሌላም አለ። ባሉጋኒን አብሮት ወደ ምንጩ ሄዶ ሳለ፣ ከጉዞው በፊት ሞቷል ብሎ ጻፈ። ባሉጋኒ የሞተው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1771 መጀመሪያ ጎንደር ላይ ነው፤ የራሱ የመንገድ ማስታወሻ ተገኝቷል። ብሩስ የራሴ ናቸው ካላቸው የዕፅዋት ሥዕሎች አብዛኞቹም የዚያ ልጅ እጅ ሥራ ናቸው። ሲሞት ገና በሰላሳዎቹ ውስጥ ነበር። ብሩስን ብወደውም ይሄን አልምረውም።

አሁን ወደ ኮባው። ብሩስ ከ20 ዓመት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የአገራችንን ዕፅዋትና እንስሳት ለብቻ ጽፏል። ጤፍ አለ፣ ኮሶ አለ፣ እሱን ከተቅማጥ ያዳነው ዋጊኖስ አለ፤ ዋጊኖስ ዛሬ በሳይንስ ስሙ ብሩሲያ የተባለው በሰውዬው ስም ነው። እንሰትም ከእነ ሥዕሉ አለ። የጻፈው ነገር ባጭሩ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ይህ ተክል ሙዝ ቢመስልም ሙዝ አይደለም አለ። ፍሬው አይበላም፤ ውስጡ ድንጋይ የመሰለ ጥቁር ፍሬ ነው። ሁለተኛ፣ የሚበላው ግንዱ ነው፣ መበላት ያለበትም ከማፍራቱ በፊት ነው አለ። አበባና ፍሬ ካወጣ ግንዱ ክር ይሆናል። የላዩ ልጥ ተገፎ ነጩ ሲቀቀል፣ በደንብ ያልበሰለ ትኩስ የስንዴ ዳቦ የመሰለ ጣዕም አለው ብሏል፤ በወተትና በቅቤ ሲሆንማ ጤናማ፣ የሚያጠግብ፣ ለሆድ የማይከብድ ምግብ ነው ሲል አሞገሰው። ሦስተኛ፣ ተክሉን ከእናርያ በኩል ወደ ሜጫ ይዘውት የመጡት ኦሮሞዎች ናቸው አለ። አራተኛም ነበረው፤ የጥንት ግብፆች የሳሉት ቅጠል እንሰት ነው እያለ ስለ አማልክት የሚዘባርቀውን ግን ተዉት፣ እዚያ ላይ ሰውዬው መንገድ ስቷል።

ሁለተኛውን ነጥብ ሳነብ ቆም አልኩ። ከጣና ማዶ በ1770 የሚበላ ነገር ነበር ማለት ነው። ዳቦ ዳቦ የሚል ግንድ። እኛ ዳቦውን በቅጠሉ ጋግረን ግንዱን ለከብት ወይም ለአጥር እንተዋለን። ዛሬ በሰሜኑ ኮባ በአመዛኙ በቅጠሉ ነው የሚታወቀው። በደቡብ በኩል ግን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እንሰት ይበላል። ጉራጌው፣ ሲዳማው፣ ሃዲያው፣ ከምባታው፣ ጋሞው ግንዱን ፍቆ፣ ሥሩን ከትክቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ አብላልቶ ቆጮ ያደርገዋል፤ የተጣራውን ቡላ፣ የተቀቀለውን ሥር አሚቾ ይለዋል። እንሰትን ለምግብ ተክሎ የሚኖር ሕዝብ ደግሞ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። ሙዝ 100 አገር ዞሯል፣ ወንድሙ ከቤት አልወጣም።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ እንሰት ከእህል የሚለየው ጊዜ ስለሌለው ነው። ገብስ በወሩ ካልታጨደ ይረግፋል፣ ዝናቡ ከቀረም ያው ቀረ። እንሰት ግን አራት፣ አምስት፣ ስድስት ዓመት ጓሮ ቆሞ ይጠብቃል፤ በፈለጉት ወር ይነቀላል። ከተብላላም በኋላ ጉድጓድ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ቁጠባ ነው፣ ያውም ባለቤቱ በር ላይ የቆመ ባንክ። በድርቅ ጊዜ እንሰት የሚበላው አገር ከሌላው የተሻለ የሚቋቋመው ለዚህ ነው።

መንዝ ይህ ነገር አይገባውም እንዳይባል ጓሳ አለ። መንዝ ጌራ ላይ ያለውን የጓሳ ሜዳ አባቶቻችን፣ እነ አስቦና ጌራ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለሦስትና ለአራት ዓመት ይዘጋል፣ ሲከፈት በደንብ ነው የሚታጨደው፤ ክፉ ዘመን ሲመጣ ከብቱ የሚተርፈው በዚያ ነው። የእንሰትና የጓሳ ሐሳብ አንድ ነው። ዛሬ ያልነካኸው ለክፉ ቀን ይሆንሃል። ለከብቱ እንዲህ ያሰበ አገር ለሰዉ ምን ነበረው? ጎታ። ጎታ ደግሞ በሁለት መጥፎ ዓመት ያልቃል። በ1977 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) መንዝና ግሼ የሆኑትን ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማ ሰው፣ የኮባ ግንድ በየአጥሩ ሥር ተጋድሞ ሲያይ ዝም ማለት ይከብደዋል።

በእርግጥ መሐል ሜዳ ላይ እንሰት ትከሉ እያልኩ አይደለም። ውርጩ ለጋውን ተክል ይገድለዋል። መርሐቤቴ፣ ከግሼም ዝቅ ያለው በኩል ግን ኮባ አሁንም አለ። እጥረቱ የተክሉ አይደለም፤ የዕውቀቱና፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የክብሩ ነው። ቆጮ የሌላ ሰው ምግብ ነው ተብሎ ተቀምጧል። ክትፎ ቤት ገብተን ከቆጮ ጋር ስንበላ ግን ማንም አያፍርም። ደግሞ መፋቁ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ደቡብ ላይ ሸክሙን ሙሉ በሙሉ የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። አንዲት የመንዝ ሴት ከእንጀራውና ከጠላው ላይ ይህንንም ጨምሪ ብትባል መጀመሪያ የምትጠይቀው ማን ይረዳኛል ብላ ነው። ልክ ናት።

ብሩስ በታኅሣሥ 1771 ከጎንደር ወጣ። በስናር በኩል ነው የተመለሰው። እዚያ ለወራት ታገተ፤ ከዚያ የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ፣ መጻሕፍቱንና ሥዕሎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ። ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሌላ ግመል ይዞ ተመልሶ አወጣቸው። እነ መጽሐፈ ሄኖክ፣ እነ ክብረ ነገሥት፣ የኮባው ሥዕልም ያን ጊዜ አሸዋ ላይ ከተጣሉት ውስጥ ነበሩ። ሄኖክን በሦስት ቅጂ ነበር የያዘው፤ አንዱን ለፈረንሳዩ ንጉሥ፣ አንዱን ለኦክስፎርድ ሰጠ፣ አንዱን ለራሱ አስቀረ። አውሮፓ ሲደርስ ትጠብቀኛለች ያላት እጮኛው የሮማ መኳንንት አግብታ አገኛት። ሮም ድረስ ሄዶ ባልዬውን ለፍልሚያ ሊጠራው ነበር፤ ሰውዬው የማላውቀው ነገር ነው ብሎ ተገላገለው።

ለንደን ከዚህ የባሰች ሆነች። መጀመሪያ ጓጉተው ሰሙት፣ ቀጥሎ ሳቁበት። የሳቁበት ምክንያት እኛን ያስቀናል፦ የሐበሻ ሰው ጥሬ ሥጋ ይበላል ስላላቸው ነው! ቁርጥ ቤት የሌለበት አገር ሰው ምን ያድርግ። በእርግጥ አክሱም አካባቢ ወታደሮች ከቆመች ላም ሥጋ ቆርጠው ቁስሉን ሰፍተው ሲነዷት አየሁ ያለው ለማመን ይከብዳል፤ እነሱ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጠቅልለው ውሸት አሉት። የሎቦን መጽሐፍ የተረጎመው፣ ስለ ሐበሻ ልዑልም ልብ ወለድ የጻፈው ዶክተር ጆንሰን ሳይቀር፣ ሰውዬው እውነት ኢትዮጵያ መሄዱን ተጠራጠረ። በውሸቱ የታወቀው የባሮን ሙንሃውዘን ተረት ሁለተኛ ክፍል በ1792 ሲታተም መታሰቢያነቱ ለብሩስ ተደረገ። አስቡት እንግዲህ፣ የፓኤዝን ነገር ክዶ፣ የባሉጋኒን ሥራ ሸሽጎ ማንም አልነቃበትም፤ ያየውን ሲናገር ግን መሳቂያ ሆነ።

ተናዶ ኪናይርድ ገባና ተቀመጠ። በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ወፈረ፣ ከሰሉን ነገደ። ይቺኛዋም ሚስቱ በ1785 ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ነው ወዳጆቹ ጎትጉተውት፣ ለጸሐፊ እየነገረ፣ አምስቱን ጥራዝ በ1790 ያወጣው። በሚያዝያ 26 ቀን 1794 ቤቱ ግብዣ ነበር። አንዲት ወይዘሮ ልትሄድ ስትነሳ እስከ ሠረገላዋ ሊሸኝ ተጣደፈ፣ የራሱ ቤት ደረጃ ላይ አዳለጠውና በጭንቅላቱ ወደቀ። በረሃውንና የሰርባኩሳን ጦርነት ያለፈ ሰው ሳይነቃ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ዕድሜው 63 ነበር።

የኮባው ነገር ከእሱም በኋላ ቀጠለ። እሱ በሞተ በ60 ዓመቱ ገደማ፣ በ1853፣ ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አንድ ጥቁር ጠንካራ ዘር ለንደን ወዳለው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ላከ። መጀመሪያ ማንነቱን የለየው አልነበረም። ተተከለ፣ ቅጠሉ እየረዘመ የመስታወቱን ቤት ሞላው፣ ያን ጊዜ የብሩስ እንሰት መሆኑ ታወቀ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ለጌጥ ይተክሉታል፤ እነሱም ቅጠሉን ብቻ ነው የወደዱት። ሳይንቲስቶች ከብሩስ መጽሐፍ በኋላ ወዲያው ሙዝ ብለው መዝግበውት ነበር። ቺስማን የሚባል የዕፅዋት ሊቅ በ1947 ከሙዝ ለይቶ፣ እንሰት የሚለውን የእኛን ቃል የወገኑ ስም አድርጎ መልሶ አቆመው። ስለዚህ ሙዝ አይደለም ያለው ሰውዬ በ157 ዓመቱ ተረታለት።

ተለያዩ ቢባልም በሽታ አልለያቸውም። እንሰትን ከላይ አጠውልጎ የሚገድለው፣ ገበሬው አጠውልግ የሚለው ባክቴሪያ በ1968 ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ ተመዘገበ፤ በ1974 ሙዝ ላይም ታየ። በ2001 ኡጋንዳ ገባ፣ ሙዝ ዋና ቀለቡ የሆነ ሕዝብ ማሳ ውስጥ። የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይተኮስ ጤነኛውን ከነካ በሽታው ይተላለፋል። ቅጠል ቆራጭም ቢላዋ ይይዛል። ለበዓል ኮባ የምትሸጡልን የቆላ ሰዎች፣ ከአንዱ ጓሮ ወደሌላው ስታልፉ ቢላዋውን እሳት አሳዩት።